ቂም የተማረ ዓይን

ሙሽራው ፋብሪካው ግቢ የገባ ዕለት እልል ያለችው የግምጃ ቤቷ ሴትዮ ነበረች። ከላይ እስከ ታች በነጭ ላስቲክ ተሸፋፍኖ፣ አራት ሰው ደግፎት፣ አንገቱን ደፍቶ ከመኪና ሲወርድ ብታየው ጊዜ፣ «እሰይ! ሙሽራው ደረሰ! ሙሽሪትስ ማንኛችሁ ናችሁ?» አለችና እልልታዋን አቀለጠችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ስሙም በዚያው ቀረ።

«ሙሽራ ቀሎ አላየሁም፤ ይሄ ግን ብረት ነው እንዴ ሲበላ የኖረው?» አለ ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ላቡን በክርኑ እየጠረገ።

ላስቲኩ ሲገፈፍ ሳቁ ቀዝቀዝ አለ። አንድ ክንድ ነው፤ ሌላ አካል የለው። ከክንዱ በላይ ክብ መብራት የከበበው አንድ ዓይን አለ። ካሜራ ነው አሉ። ሲያበሩት ዓይኑ ዞር ዞር ብሎ የቆሙትን ሰዎች ተራ በተራ አየና፣ ከመካከላቸው የሚፈልገውን እንዳጣ ሰው ኩባያ ተሸክሞ ወደሚያልፈው የማሽን ቀበቶ ተመለሰ።

«ማንንም አልመረጠም» አለ የምድጃ ሠራተኛው።

«ቆይ እስቲ፣ ገና መግባቱ ነው» አለች ሴትዮዋ። ይህን ስትል እልልታው ከድምጿ ወጥቶ ነበር።

ቆራጩ የሚሉት ኩባያ መራጭ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ ነበር። እሱ አልሳቀም። ቆራጩ ሲስቅ አይቻለሁ የሚል ሰው ካለ ውሸታም ነው ይሉ ነበር። ዓይኑ የነበረው ሙሽራው ላይ ሳይሆን ላቡን በሚጠርገው ተሸካሚ ላይ ነው። ተሸካሚው ታናሽ ወንድሙ ነው። ቁመቱ የበር ጉበን እየነካ እንኳ ሰው ሁሉ ትንሹ ይለዋል። እናታቸው ስትሞት ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም ነበር። ቆራጩ አጉርሶ አሳደገው፤ ዳረው፤ በስንት ልመናም ፋብሪካው አስገባው። ግን ያስገባው ሸክም ነው። ትንሹ የጭቃ ኩባያ የተደረደረበትን ሳንቃ ከጎተራ ወደ ለጣፊዎቹ፣ ከለጣፊዎቹ ወደ ማድረቂያው በትከሻው ሲያመላልስ ይውላል። ሸክም ደግሞ ትከሻ እስካለ ድረስ ነው፤ ትከሻው ሲያልቅ ሰውየውም አለቀ። ቆራጩ በዚህ ዓለም የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ይሄ ልጅ ከሸክም ወጥቶ ከለጣፊዎቹ ወንበሮች በአንዱ ሲቀመጥ ማየት።

ፋብሪካው የሻይ ኩባያ ነው የሚሠራው። የኩባያውን ሰውነት ማሽን ይቀርጸዋል። መያዣውን ግን፣ እነሱ ጆሮ የሚሉትን ማለት ነው፣ ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ ይለጥፈዋል። ለጣፊነት ትልቅ ሙያ ነው፤ ለጣፊ ሲያልፍ ፎርማኑ እንኳ መንገድ ይለቃል። ተለጥፎ፣ ተቀብቶ፣ ምድጃ ገብቶ የወጣው ኩባያ በቀበቶ ተጭኖ መራጮቹ ጠረጴዛ ይደርሳል። መራጭ አገላብጦ ያያል። ደህናውን ወደ ቀኝ ያሳልፋል፣ ውዳቂውን ወደ ግራ። በግራ በኩል ሲያላምጥ የሚውለው መፍጫ አለ።

በዚያ ቤት ታዲያ አንድ የቆየ ወግ ነበር። ኩባያህ ውዳቂ ከተባለ፣ መፍጫ ከመግባቱ በፊት ጠረጴዛው ድረስ መጥተህ መከራከር ትችላለህ። ኩባያውን በጆሮው አንጠልጥለህ በጥፍርህ ኳ ታደርገዋለህ። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው፤ መራጩ ወደደም ጠላም ወደ ቀኝ ይመልሰዋል። ከታፈነ ስንጥቅ አለበት፤ አፍህን ዘግተህ ትሄዳለህ። ማስጮህ ይሉት ነበር። ሥራ ያስፈታል እያለ ፎርማኑ ሲያማርር ኖሯል፤ ማስቀረት ግን አልቻለም። መራጭም ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ በልቡ ስንት ነገር ይዞ ነው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው።

ቆራጩም በልቡ የያዘው ነገር ነበረው። ድሮ፣ ጎልማሳ ሳለ፣ እሱም ለጣፊ ነበር። ያስተማረው ሊቁ ነው። በዚያ ቤት ያለ ለጣፊ ሁሉ ጆሮ መለጠፍ የተማረው ከሊቁ ነው፤ ስሙንም ያወጡለት ለዚህ ነው። አንድ ቀን ሰው ሁሉ ምሳ ሊወጣ ተሰብስቦ ሳለ፣ ሊቁ ቆራጩ የለጠፈውን ኩባያ አነሳና በትንሿ ጣቱ አንጠለጠለው። ጆሮው ጣቱ ላይ ቀረ፤ ኩባያው ወለሉ ላይ ተንኮታኮተ። «ይሄ ለጣፊ አይደለም፤ ጆሮ ቆራጭ ነው!» አለ ሊቁ። ሳቁ ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። በዚያው ሰሞን ቆራጩን ወደ መራጮቹ ጠረጴዛ አዛወሩት። ስሙ ግን ተከትሎት ሄደ፤ ዛሬ የገዛ ሚስቱ ዘመዶች እንኳ ቆራጩ ነው የሚሉት። ሊቁ ነገሩን በማግስቱ ረሳው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ከዚያ ወዲህ ቆራጩ ጥርሱን ነክሶ ዓይኑን ሳለ። ከሱ የተሻለ መራጭ አልነበረም፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አታመልጠውም። አንዳንድ ቀን ብቻ፣ ሆዱ ሲብሰው፣ የሊቁን ደህና ኩባያ ወደ ግራ ይገፋዋል። ሊቁ ይመጣል። አንጠልጥሎ ኳ ያደርገዋል። ኩባያው እንደ ደወል ይጮሃል። «ምነው ቆራጩ፣ ዓይንህ ውስጥ ምን ገባ?» ይለዋል እየሳቀ። ቆራጩም ኩባያውን ወደ ቀኝ ይመልሳል። ነገሩ በዚሁ ያልቃል፤ ማለትም ለሊቁ ያልቃል።

ከሙሽራው ጋር የመጣች አንዲት ኢንጂነር ነበረች። ልጅ እግር ናት፣ ትሑት ናት፣ ሰው ስታናግር ከወንበሯ ትነሳለች። ማሽኑን የሠራው ድርጅት ነው የላካት። ፎርማኑን ከመራጮቹ ማን ዓይነኛ ነው ብላ ጠየቀች፤ አሳያት።

«ጋሽ ቆራጩ» አለችው፣ እጇን በአክብሮት ዘርግታ። ስሙ መስሏታል። የተማረ ሰው ስድብህን ጋሽ ብሎ ሲጠራልህ እንደ መስማት የሚያቃጥል ነገር የለም። «ሙሽራውን የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ምን ተምሬ ነው የማስተምረው?»

«ዓይንዎ የተማረ ነው አሉኝ።»

ይህን እንኳ ወደዳት። ስክሪን ፊት አስቀመጠችው። የኩባያ ፎቶ ይመጣል፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከስር። ከእጁ ስር ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አረንጓዴዋ ደህና፣ ቀይዋ ውዳቂ።

«የት ጋ እንደተበላሸ አልነግረውም?» አለ ቆራጩ።

«አያስፈልግም። እርስዎ ፍርዱን ብቻ ይስጡት። ምክንያቱን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። ውዳቂ ያሏቸውን ሁሉ ይደረድርና ምናቸው እንደሚመሳሰል ያያል። ከዚያ ያንን የሚመስል ሲመጣ፣ በክንዱ አንስቶ ይጥለዋል።»

«ብሳሳትስ?»

«አንድ ሁለቱ አይጎዳም፤ ሰው ነዎት ብሎ ይተወዋል።» ሳቅ አለች። «ደጋግመው ከተሳሳቱ ግን፣ ያው፣ እውነት ይመስለዋል።»

መጀመሪያ ላይ ቆራጩ በእውነት ነበር የሚፈርደው። ስንጥቁን ቀይ፣ ቅቡ የሸሸበትን ቀይ፣ አፉ የጠመመውን ቀይ። የሊቁ ኩባያ ሲመጣ ያውቀዋል፤ ሳያውቅ ይቀራል? ሊቁ ጆሮ ሲለጥፍ ከስሩ በአውራ ጣቱ ጠምዘዝ አድርጎ ይጫነዋል። ምስር የምታህል ጎድጓዳ ትቀራለች፤ ቅቡ እዚያች ላይ ይጠራቀምና ጠቆር ትላለች። ጉድለት አይደለችም፤ እንዲያውም ጆሮውን አንቃ የምትይዘው እሷ ናት። ቆራጩ ድሮ ያቺን ነገር አልችልበት ብሎ ነው የተዋረደው።

አንድ ከሰዓት፣ ምሳ ላይ ሰዎች በስሙ ሲቀልዱ ሰምቶ ተመልሶ፣ ያቺ ምስር ስክሪኑን ሞልታ መጣችበት። ጣቱ ቀዩ ላይ አረፈች። ዞር ብሎ አየ። የሚከራከረው የለም። ኩባያ አንጠልጥሎ የሚመጣ፣ ዓይንህ ውስጥ ምን ገባ የሚል የለም። ፎቶ አይጮህም። ቀጣዩ መጣ፤ ምስር አለበት፤ ቀይ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይላሉ፤ ቂም ይዞ ማስተማር ግን እንዴት እንደሚሆን ያን ሰሞን ታየ። እየቆየ ጣቱ ሳያዛት ትሄድ ጀመር። ስንጥቅ ሲያይ የሚሰማው ነገር ምስሯን ሲያይም ይሰማው ጀመር፤ የእውነትም ውዳቂ መሰለችው።

ትምህርቱ አለቀ ተባለ። መራጮቹን አንዳንዱን ወደ ማሸጊያ፣ አንዳንዱን ወደ ቤቱ ሸኟቸው። ቆራጩን ብቻ አስተማሪ ብለው በትንሽ ክፍል ከስክሪን ጋር አስቀሩት። ሙሽራው በብረት አጥር ታጥሮ ከቀበቶው ራስ ቆመ። መብራቱ ብልጭ ይላል፤ ዓይኑ ያያል፤ ክንዱ ይወርዳል፤ ኩባያው መፍጫ ውስጥ ነው። ዓይንህን ሳትጨፍን ያልቃል። ሲሳሳት ያየ የለም፤ የሚያይበት ጊዜም የለም።

የሊቁ ኩባያዎች እየተከታተሉ መውደቅ ሲጀምሩ፣ ሊቁ ከነሽርጡ እየሮጠ መጣ። አጥሩን በሁለት እጁ ያዘ።

«አቁሙት! ላስጩኸው!»

«ጋሼ፣ ይሄኮ አይሰማም» አለችው ኢንጂነሯ በለሆሳስ። «ዓይን ብቻ ነው ያለው።»

ሊቁ ክንዱ ሳይደርስበት ከቀበቶው አንድ ኩባያ ነጠቀና አንጠልጥሎ ኳ አደረገው። አዳራሹ ሁሉ ሰማው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ነበር። ሰው ኢንጂነሯን አያት።

«ድምፁ ጥሩ ነው» አለች። «ግን ማሽኑ እኛ የማናየውን ያያል። ነገ ከነገ ወዲያ የሚሰነጠቀውን ዛሬ ያውቀዋል።» እንዲህ ስትል እያታለለች አልነበረም፤ ታምንበታለች። የሚያስፈራውም ነገር እሱ ነው።

ውዳቂው የበዛ ለጣፊ ይሰናበታል የሚል ማስታወቂያ ከተለጠፈ ብዙም ሳይቆይ ሊቁን አሰናበቱት። ዕቃውን በፌስታል ይዞ ቆራጩ ክፍል በር ላይ ቆመ።

«ቆራጩ።»

«አቤት።»

«ያንን ዕቃ ምን አስተማርከው?»

«ያየሁትን።»

ሊቁ ረዘም አድርጎ አየው። «እንግዲህ ካየኸው ምን ይባላል» አለ። «ወንበሬን ለትንሹ ስጡልኝ ብያቸዋለሁ። እሺ ብለዋል።»

ቆራጩ ከወንበሩ ተነሳ። «ለትንሹ? ለወንድሜ?»

«ጥሩ እጅ አለው። ምሳ ሰዓት ላይ አብረን ስንሠራ ስንት ጊዜያችን! ላንተ እንዳይነግርህ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይከፋሃል ብዬ።»

ቆራጩ የሰማው ወንበር የምትለዋን ብቻ ነው። ሌላው ጆሮው ደርሶ ተመለሰ።

ያን ምሽት ሁለቱ ቤተሰቦች አብረው በሉ። አንድ ግቢ ነው የሚኖሩት፤ ግድግዳ ብቻ ነው የሚለያቸው። የትንሹ ሚስት ባሏን ከትራስ ላይ ትራስ ደራርባ አስቀመጠችው።

«ወንበር መልመድ አለበት» አለች። «እስካሁን ቁጭ ሲል ያየሁት እንቅልፍ ሲይዘው ነው።»

«ተይው፣ ነገ ደግሞ መንገድ ልቀቁልኝ ይለናል» አለች የቆራጩ ሚስት።

«ለወንድም ጋሼ ብቻ ነው መንገድ የምለቀው» አለ ትንሹ፤ ተነስቶም የወንድሙን ግንባር ሳመ። ቆራጩ ሳቀ። ሚስቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ኩባያ ዛሬ ተለጥፎ ዛሬ አይወጣም። ይደርቃል፣ ይቀባል፣ ምድጃ ይገባል። እስኪወጣ ድረስ ቆራጩ በዕድሜው ያላየውን ደስታ አየ። እያሰበበ በለጣፊዎቹ ክፍል ያልፋል፤ ትንሹን በወንበሩ ላይ፣ ነጭ ሽርጥ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ያየዋል። እጁን ግን ቀረብ ብሎ አላየም።

ያየው ስክሪኑ ላይ ነው። ሙሽራው የጣለውን ኩባያ ሁሉ ፎቶ አንስቶ ይልካል፤ የጠረጠረውንም ቦታ በቀይ ጥላ ያሳያል። ይሄኛው አፉ ላይ ቀልቷል፤ ስንጥቅ ነው። ያኛው ሆዱ ላይ፤ ቅቡ ሸሽቷል። ከዚያ አንድ መጣ። ስንጥቅ የለበትም፤ ነጭ፣ ንጹሕ ነው። ቀዩ ያረፈው ከጆሮው ስር ነው። ተከትሎት ሌላ መጣ፤ ሌላም። ሊቁ ከሄደ ቆይቷል። ቆራጩ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ሳበ። «ምሳ ሰዓት ላይ አብረን ስንሠራ» ያለው የሊቁ ድምፅ አሁን ነው ጆሮው የገባው። ትንሹ ጆሮ መለጠፍ የተማረው ከሊቁ ነው፤ አውራ ጣቱም የሊቁ አውራ ጣት ነው።

ኢንጂነሯን ጠራት። ፎርማኑም፣ የምድጃ ሠራተኛውም ተከትለዋት ገቡ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር አልተሳሳተም?»

«የቱ?»

«ይቺኮ ደህና ናት።»

ጎንበስ ብላ አየች። «የሚጠቁመው ከጆሮው ስር ነው። የቀድሞው ሠራተኛም ላይ እዚሁ ነበር። አይገርምም? አንድ ዓይነት ጉድለት።»

«ጉድለት አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?» ቀና አለች። ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም። «ጋሽ ቆራጩ፣ የተማረው ከእርስዎ ነው። እንዲህ ያለውን ውዳቂ ያሉት እርስዎ ነዎት። ተሳስተው ነበር ልበል?»

መናገር እዚህ ላይ ነበር። አንድ ቃል ነበር የምትበቃው። ፎርማኑ ቆሟል። የምድጃ ሠራተኛው ቆሟል፤ ያኔ ኩባያው ሲንኮታኮት ከሳቁት አንዱ ነው፤ ከንፈሩ ጥግ ላይ ሳቅ ያቆበቆበች መሰለች። ቆራጩን አስተማሪ ብለው የጠሩት በሕይወቱ አንድ ጊዜ፣ በዚህ ክፍል ውስጥ ነው።

«እኔ አልሳሳትም» አለ ቆራጩ።

«እኔም ብዬ ነበር» አለች ኢንጂነሯ፣ እፎይ ብላ።

ማምሻውን የግድግዳውን ወዲያ ማዶ አንኳኳ። ትንሹን ደጅ አወጣው።

«ያቺን አውራ ጣትህን ተዋት። ዝም ብለህ ለጥፈህ አሳልፍ።»

«የትኛዋን አውራ ጣት?»

«ከስሩ የምትጫናትን! ማሽኑ አይወዳትም።»

ትንሹ ሊስቅ ከጀለው። «ማሽን ደግሞ መውደድና መጥላት ጀመረ? ወንድም ጋሼ፣ እሷን ከተውኩኮ ጆሮው ምድጃ ውስጥ ይወርዳል።»

«ተዋት አልኩህ!»

ቃሉን አክብሮ ተዋት። ከምድጃው ግማሹ ጆሮ አልባ ሆኖ ወጣ። ፎርማኑ ትንሹን ሰው ፊት አቆመውና አንዱን ጆሮ አልባ ኩባያ ወደ ላይ አንስቶ፣ «በዘር ነው እንዴ?» አለ። ሳቁ ቆራጩ ክፍል ድረስ ተሰማ። በማግስቱ ትንሹ አውራ ጣቱን መለሳት። ሙሽራውም አንድ በአንድ እያነሳ ጣላቸው። ቢጫን ይወድቃል፣ ባይጫን ይወድቃል። ቆራጩ ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ አየ። ጣቱ አረንጓዴውን ስትጫን፣ «የወደቀውን መመለስ አይቻልም» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። እውነቱን ነው፤ ኩባያው ዱቄት ሆኗል።

ትንሹን ያሰናበቱት ዕለት ወደ ሸክሙም አልመለሱትም፤ ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል። በወንድሙ ክፍል በር ገባና ቆሞ ስክሪኑን አየው። የራሱ ኩባያ ነበር፤ ከጆሮው ስር ቀልቷል።

«ይሄን ያስተማርከው አንተ ነህ፣ አይደል?»

ቆራጩ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ።

«ወንድም ጋሼ፣ ምን አድርጌህ ነው?»

«አንተን አልነበረም» አለ ቆራጩ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱ ደነገጠ።

«እና ማንን ነበር?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ትንሹ መልሱን አልጠበቀም፤ ከወንድሙ ፊት ላይ አነበበው። ሽርጡን አውልቆ፣ አጣጥፎ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ጋሽ ሊቁ አንተን ሲያነሳ፣ እንደሱ ዓይን ያለው ሰው አላየሁም ነበር የሚለኝ» አለ፤ ወጣም። በሳምንቱ የግድግዳው ወዲያ ማዶ ጭር አለ። ሊቁ በሌላ ከተማ ባለ አዲስ ፋብሪካ ገብቷል፤ ትንሹንም ጠርቶታል አሉ። ለጣፊ ቸግሯቸው በሁለት እጃቸው ነው የተቀበሏቸው። የቆራጩ ሚስት ይህን ስትነግረው፣ ብዙ ቀን የቆመች ትንፋሹ ወጣች። እዚያ ዓይን የለም። እዚያ ልጁ ወንበር አለው። ቢረግመኝም ግድ የለም አለ በሆዱ፤ ብቻ ቁጭ ብሎ ይሥራ።

ብዙ ሳይቆይ ኢንጂነሯ ፊቷ በርቶ ገባች።

«ጋሽ ቆራጩ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ዓይንዎ አገር ሊዞር ነው። ድርጅታችን ትምህርቱን ለሌሎች ፋብሪካዎች እየሸጠ ነው። እንደገና ማስተማር አያስፈልግም፤ በኢንተርኔት መስመር ይላካል፤ እዚያ ያለው ክንድ ሲበራ ያውቀዋል። የመጀመሪያዎቹ ትናንት ጀምረዋል። የሚያጠራጥረው ካለ ለእርስዎ ይልኩታል፤ እዚሁ ሆነው ይፈርዱላቸዋል።»

«የት ነው የጀመሩት?»

ነገረችው። ትንሹ የሄደበት ከተማ ነበር።

ሥራው ያው ነበር፤ ስክሪኑ ብቻ ሌላ አዳራሽ ያሳያል። ቀበቶው አዲስ ነው፤ ግድግዳው በሌላ ቀለም የተቀባ ነው። ዓይኑ ግን ያው ዓይን ነው፤ አስተያየቱም ያው ነው። የመጀመሪያው ኩባያ መጣ። ከጆሮው ስር ቀልቷል። ቆራጩ አወቀው፤ ጠምዘዝ ያለችው ምስር ከሊቁ ትንሽ ትሰፋለች፤ የትልቅ ሰውዬ አውራ ጣት ናት። የትንሹ ናት። ይሄኛው ገና አልወደቀም፤ ፍርድ እየጠበቀ ነው። ወንበሩም፣ እንጀራውም፣ ሁሉም ነገር እዚህች ጣት ስር ነው ያለው። አረንጓዴውን ተጫነ።

ስክሪኑ ትንሽ አሰበ። «ፍርዱ ከአስተማሪው ጋር አይስማማም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ክንዱ ወረደ።

ቀጣዩ መጣ። አረንጓዴ። «አይስማማም።» ክንዱ ወረደ። ሌላ መጣ። አረንጓዴውን በቡጢው መታው።

«ምን ሆኑ ጋሼ?» ኢንጂነሯ እየሮጠች ገባች።

«አስተማሪው እኔ ነኝ! ደህና ነው እያልኩት ነው! ከማን ጋር ነው የማይስማማው?»

ጎንበስ ብላ አነበበች። «ከእርስዎ ጋር» አለች። «ማለቴ፣ ከድሮው እርስዎ ጋር። ያኔ የሰጡት ፍርድ ብዙ ነው፤ የዛሬው ጥቂት ነው። ሲጋጭበት ብዙውን ያምናል።»

«ያኔ ዋሽቻለሁ!»

ኢንጂነሯ ከስክሪኑ ቀና አለች።

«በቂም ነው። ያንን ሰውዬ ጠልቼው ነው ቀይ ቀይ ያልኩት። ምስሯ ምንም አላደረገችም። ንገሪው! አጥፊው! ትምህርቱን አጥፊው!»

ወንበር ስባ ከጎኑ ተቀመጠች። አልተቆጣችም። «እሺ ጋሼ። የትኞቹን ነው የዋሹት? ያሳዩኝና አወጣቸዋለሁ።» ቀይ ያላቸውን ሁሉ ደረደረችለት፤ ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር በኩባያ ተሞላ፤ ስትገፋው ሌላ ይመጣል፣ ሌላ ይመጣል። ቆራጩ ዓይኑን አፍጥጦ አየ። ይቺ ምስር አለባት፤ ግን አጠገቧ ስንጥቅም ያለባት ትመስላለች። ያቺ ምስር አለባት፤ ቅቧም ሸሽቷል፤ ወይስ የመብራቱ ጥላ ነው? ይቺን የጣልኩት በእውነት ነው በቂም? ጣቱ ከአንዷ ወደ አንዷ ተሻገረች። ሁሉም ያው ሆኑበት። ያኔ ሲጫን እውነት እየመሰለው ነበር የተጫነው፤ አሁን ሊለየው ቢል ወተትና ውሃ ሆኗል።

«ወንድምዎ እዚያ መሆኑን ሰምቻለሁ» አለች ኢንጂነሯ ቀስ ብላ። «እኔ እንኳ ብሆን እንዲሁ ነበር የማደርገው። ለሥጋ ዘመድ ማን አይዋሽም? ግን አይዞዎት፤ የሚዋሹት አሁን ነው፤ ያኔማ ያዘነበሉለት ሰው አልነበረም።»

«ያኔ ነው የዋሸሁት፣ ልጄ፤ ያኔ ነው!»

«ዓይንዎ ደክሟል» አለች። ትከሻውን ዳበስ አድርጋ ተነሳች። «ብዙ አገልግለዋል። ከእንግዲህ ማሽኑ የእርስዎን ፍርድ ሳይጠይቅም ይችላል። ይሄኮ ለአስተማሪ ትልቅ ደስታ ነው።» ከስክሪኑ ጎን ያለችውን የቁልፎቹን ማጥፊያ ነካችና ወጣች፤ በሩንም እንዳይረበሽ ብላ በዝግታ ዘጋችው።

ቆራጩ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫነ። አልበራም። ደግሞ ተጫነ። ስክሪኑ ላይ ያ የሌላ ከተማ አዳራሽ ፍንትው ብሎ ይታያል። ክንዱ ወርዶ ተነሳ። ቀጣዩ ኩባያ መጣ።